የዘሐራ ድስትና የልጄ ወይን

ሰኞ

ጎመዘዘኝ። ልጄ አልማዝ ልትጠይቀኝ መጥታ ትናንት ወደ ደሴ ስትመለስ ቀይ ወይን ትታልኝ ሄዳለች። «አባዬ፣ ርካሽ ነው፣ ግን ከሥጋ ጋር ይጣፍጣል። ከሽሮ ጋር እንዳትሞክረው» ብላኝ ነበር። እኔን ማን ያዘኛል? በሽሮ ጠጣሁት። ሆምጣጤ ሆነብኝ፣ ደረቴን አቃጠለኝ። ስትደውል «ማለፊያ ነው» አልኳት።

ማክሰኞ

የበግ ጎድን ገዛሁ፣ ስብ ያለው። ሽንኩርት ብዙ፣ በርበሬ ትንሽ፣ ከወይኑም አንድ ብርጭቆ ወጡ ውስጥ። አንዲት ሴት በሬዲዮ ስትል ሰምቻለሁ። ቀስ ባለ እሳት። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ያለ ወጥ አልቀመስኩም። የተረፈውን ወይን አብሬ ጠጣሁት። ዛሬ አልጎመዘዘም፣ ስቡን እየጠረገ ወረደ። አልማዝ እውነቷን ነው። ይህንንም አልነግራትም።

ድስቱን በእንጀራ ጠርጌ ስጨርስ ጆሮውን አየሁት። የተሸረፈ ነው። የዘሐራ ድስት!

የኔው ድስት ታቹ ተነድሏል፣ እጄ ያገኘውን አንስቼ ነው። ዘሐራ ጎረቤቴ ናት፤ ባሏ ሼህ ሰይድ እኩያዬ ነው፣ የሰፈሩን ልጆች ቁርአን ያስቀራል። ብቻዬን ከቀረሁ ጀምሮ ምስሩን፣ ጎመኑን በዚህ የሸክላ ድስት ትልክልኛለች። ሥጋ ልካልኝ አታውቅም፤ የእነሱ እርድ ለእኔ እንደማይሆን ታውቃለቻ። እሷ ለኔ እንዲህ ተጠንቅቃ፣ እኔ በድስቷ የክርስቲያን እርድ ቀቀልኩበት። በዚያ ላይ ወይን።

ረቡዕ

ጾም ነው። ድስቱን በአመድ፣ በፈላ ውሃ፣ በሎሚ አጠብኩት። ሸክላ የጠጣውን አይተፋም። አሁንም ይሸታል።

ዘሐራ በአጥሩ በኩል «አያ መኮንን፣ ድስቴን አምጡልኝ እንጂ፣ ምስር ልሠራልዎት ነው» አለች።

«ገና አልጨረስኩም።»

«ከእሑድ ጀምሮ? ያረቢ! ምስሩን በፍሬ እየቆጠሩ ነው እንዴ የሚበሉት?» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። በስተርጅና ዋሾ።

ሐሙስ

ዝም ብዬ ብመልሰው ማን ያውቃል? ሰይድም ይበላበታል፣ እሷም። እኔ ግን አውቃለሁ። ከመስጊድ ሲመለስ ሰይድ ከደጄ ቆሞ «አብሽር፣ ደህና ነህ ወይ?» አለኝ። ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

ቅዳሜ

ከገበያ ልኩን የሚያህል ድስት ገዛሁ። ጥላሸት ቀባሁት። ጆሮውን በድንጋይ ሸረፍኩት። ብልህ ነኝ ብዬ ወሰድኩላት።

አገላበጠችው። «አያ መኮንን፣ የኔ ድስት ሽርፉ የቆየ ነው፣ ጠቁሯል። ይሄ ገና ቀይ ነው። ዛሬ ነው የሰበሩት?»

«ሥጋ ሠራሁበት፣ ዘሐራ። የኛን እርድ። በወይን። አውቄ አይደለም።»

ድስቱን ይዛ ገባች። ሰይድ ሲስል ሰማሁ፤ ሁሉን ሰምቷል ማለት ነው። ቤቴ ገብቼ እራትም አልበላሁ። ከእንግዲህ በዚያ አጥር በኩል ማንም ባይጠራኝ?

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ዘሐራ ደጄ ቆማለች። ምስር፣ በአዲሱ ድስት። ጆሮው ላይ ነጭ ጨርቅ አስራበታለች።

«ጨርቅ ያለው የኛ ነው። አሮጌው ለአንቱ ይሁን፣ የወይን ድስት። እንግዲህ ዓይንዎን ገልጠው ያንሱ!»

«ሰይድ ምን አለ?»

«'ተሳስቶ ነው፣ ለድስቱስ አውፍ ብዬዋለሁ' አለ። 'ሸርፎ ማምጣቱን ግን እስክሞት አልረሳለትም' አለ።»

«እየሳቀ ነው ያለው?»

«መጀመሪያ አልሳቀም» አለችና ሄደች።

ለአልማዝ ደወልኩ። «ወይኑ ከሥጋ ጋር ነው» አልኳት። «ነግሬህ ነበር» አለች።

ምስሩን በውሃ በላሁ። ይጣፍጣል። ጨርቅ የታሰረበትን ጆሮ ግን ወዲያ አዙሬ ነው የበላሁት። ነገ ድስቱን ራሴ እመልሳለሁ፣ በአጥሩ ሳይሆን በበሩ። ሰይድ ካለ ዓይኑን አየዋለሁ።