ከ32767 በኋላ የጠፉት ጆንያዎች

ነቀምቴ፣ ማክሰኞ የካቲት 14 ቀን 1981 ዓ.ም.

ጓድ ሥራ አስኪያጁ ዛሬ ጫልቱን "አሻጥረኛ ነሽ" አላት። መጋዘን የገባውን የቡና ጆንያ ቁጥር ኮምፒውተር ላይ የምትመዘግበው እሷ ናት። ሰሞኑን ምዝገባው እየተበላሸ ነው። ልጅቷ የኮምፒውተር ባለሙያዋን እኔን በኦሮምኛ አክብራ "አዴ አልማዝ፣ በዋቃ ስም፣ የሰጡኝን ብቻ ነው የጻፍኩት" እያለች ስታለቅስ ዋለች። አሻጥረኛ በሚለው ቃል ስንቱ ታስሯል!

ጥፋቱን ከፕሮግራሙ ውስጥ አገኘሁት። ፕሮግራሙን ከአዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት የላኩልን ሰዎች የጆንያውን ተራ ቁጥር ኢንት በሚባለው የቁጥር ዓይነት ነው የያዙት። በእኛ ማሽን ኢንት 32767 ላይ ይሞላና ወደ ኔጌቲቭ ይገለበጣል። የሚቀጥለው ጆንያ ለጆንያዎቹ ከተመደበው ድርድር ውጭ፣ የሌላ መረጃ ቦታ ላይ ይጻፋል። ኔጌቲቭ በማይቀበለው አንሳይንድ ኢንት ቀየርኩት፤ ሠራ።

ሥራ አስኪያጁን ጠርቼ ጫልቱ ፊቱ እንድትመዘግብ አደረግሁ። በድሮው ፕሮግራም ተበላሸ፤ በእኔው አንድም ቁጥር አልጠፋም። ሁሉንም አየና "የዋናው መሥሪያ ቤት ፕሮግራም አይሳሳትም። አሻጥር ነው ብለሽ ፈርሚ" አለኝ።

"ጓድ፣ አሁን በዓይንዎ አይተዋል እኮ!"

"እንግዲያው ነገ ጉዳይዋን ለሚያየው ኮሚቴ አስረጂ።"

አስረዳለሁ! ኮሚቴው ካልገባው ደግሜ አስረዳለሁ።

ጫልቱን እስከ ሰፈሯ ባኬ ጃማ ሸኘኋት። በቤታቸው በር ላይ እጄን ይዛ "አዴ፣ አትፈሪም?" አለችኝ።

"እፈራለሁ" አልኳት። "መፈረሙን ግን አልፈርምም።"