የአባታችን ስም

ይድረስ ለወንድሜ ለሰውነት፤ አዲስ አበባ እንዴት ይዞሃል? እናታችን ቢቸና፣ እኔም ሞጣ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደውዬ ላወራህ አፌ እምቢ ስላለኝ በቴሌግራም ጻፍኩልህ።

ቅዳሜ ቢቸና ሄጄ ነበር። እማዬ ድረ ገጽህን ከፍታ የማኅበሯን ሴቶች «ማስታወቂያዋን ተጫኑለት፣ ልጄን ያግዘዋል» ትላቸዋለች። እነሱም ጽሑፉን ሳያነቡ ደጋግመው ይጫናሉ። ደስታቸውን አይቼ ቡናዬን ጠጣሁ።

ማስተማሩ ደህና ነው። ትናንት አይሲቲ ክፍለ ጊዜ ላይ «አስተዋዋቂው ማስታወቂያው በተጫነ ቁጥር ስለሚከፍል፣ አንባቢን ማስታወቂያ ተጫኑልኝ ማለት ማጭበርበር ነው» ብዬ አስተማርኩ። ሪሃብ የምትባል ጎበዝ ተማሪ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ድረ ገጽ ከፍታ፣ «ቲቸር፣ ይሄ እንደዚያ ያደርጋል። ለአስተዋዋቂው ድርጅት እንጠቁም?» አለችኝ። ያንተ ነበር። «ማስታወቂያውን በመጫን ደግፉን» የሚለው በትልቁ ይታያል።

«የባለቤቱ የአባት ስም ከእርስዎ ጋር አንድ ነው» አለች።

«ቢያዝን የሚባል ሰው ሞልቷል» አልኳት። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። የጥያቄዋን መልስ ለሰኞ አሳደርኩት።

እማዬና የማኅበሯ ሴቶች ሰላም ብለውሃል። አሁንም እየተጫኑልህ ነው። በጤና ያገናኘን።

እህትህ ንጋት ቢያዝን