አባባ የጀመረው መደርደሪያ

እትዬ፣ ትናንት ለማስተርስ መግቢያ ቃለ መጠይቅ ተደረገልኝ። እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ካንቺ ወንበር በቀር ሙሉ ነን።

ከሦስቱ ጠያቂዎች አንዱ የዲግሪ ውጤቴን አይቶ፣ «ሁለት ነጥብ ሦስት? ያኔ ምን ትሠራ ነበር?» አለኝ። «እህቴ ታነብልኛለች፣ እኔ እተኛለሁ» ስለው ሦስቱም ሳቁ። እውነቴን እኮ ነው፤ በዚያ በምናጠናበት ጠረጴዛ ላይ ድምፅሽን እየሰማሁ የተኛሁትን የመሰለ እንቅልፍ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

አባባ ጠረጴዛውን አፍርሶ የመጻሕፍት መደርደሪያ እየሠራልኝ ነው። «ገና አልገባሁም እኮ» ስለው፣ «አንተ ሳንቃውን ያዝ» ይለኛል። ለጎረቤቱ ሁሉ አውርቷል። እኔም ከሥራ ስመለስ በጓሮ በር መግባት ጀምሬያለሁ፤ መንገዱ ያጥራል።

አባባ ግንባርሽን ስሞሻል። መደርደሪያውን ዓርብ ጠዋት ቀለም ይቀባዋል፤ ውጤቱ የሚለጠፈው ዓርብ ከሰዓት ነው።

ወንድምሽ