በአንድ ሕንጻ ውስጥ ጤነኛም በሽተኛም ስለተባለው ባሌ

ለተከበሩ የመርከብ ድርጅቱ የካሳ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ እላለሁ። ይህን የምለው ለአፍ ልማድ አይደለም፤ ማን ጤነኛ ማን በሽተኛ እንደሆነ የሚወሰነው በእርስዎ ክፍል መሆኑን ከተረዳሁ ወዲህ፣ የእርስዎ ጤና ከተጓደለ የሁላችንም ነገር እንዳይሆን ይሆናል ብዬ ስለምሰጋ ነው።

እኔ ነዳጅ በምትጭነው መርከባችሁ ላይ ይሠራ የነበረው የማጠራቀሚያ አጣቢ ሚስት ነኝ። ነዳጁ ሲራገፍ ባዶው ማጠራቀሚያ ውስጥ በመሰላል ወርዶ ዝቃጩን የሚፍቀው እሱ ነበር። እታች ሆኖ ሲያንጎራጉር ድምፁ ከብረቱ እየተመለሰ ስለሚያጅበው ጓደኞቹ “ዘፋኙ” ይሉት ነበር። በመጨረሻው ጉዞው ዜማውን ሳል ተካው፤ መሰላሉን መውጣት ቢያቅተው በገመድ ጎትተው አወጡት፤ ከሚቀጥለው ወደብም ወደ ቤቱ ላካችሁት። መንገድ ላይ ስላልጣላችሁት አመሰግናለሁ። የቀረውን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ካሳ ቢጠይቅ ለምርመራ አራተኛ ፎቅ ድረስ ስለጠራችሁት አመሰግናለሁ። ሊፍቱ ለቢሮ ሠራተኞች ብቻ ስለነበረ፣ እሱ በየደረጃው እየተቀመጠ፣ እኔም ክንዱን ይዤ ወጣን። ሐኪምዎ ደረቱን ከማዳመጣቸው በፊት “በምን መጣህ?” ብለው ጠየቁት። ባሌ ውሸት አያውቅምና “በእግሬ” አለ። ኋላ በውሳኔያችሁ ላይ “አራት ፎቅ በእግሩ መውጣት የሚችል ጤነኛ ሰው” የሚለውን ሳነብ፣ ምነው አዝዬው በወጣሁ ብዬ አለቀስኩ።

ሁለተኛ፣ ጤነኛ ከሆንኩማ ወደ ሥራዬ መልሱኝ ብሎ እዚያው ሕንጻ ውስጥ ወዳለው የቅጥር ክፍል ቢሄድ፣ በዚህ ሳንባ መርከብ ላይ አትሳፈርም ስለተባለ አመሰግናለሁ። ለካሳ ሲሆን ጤነኛ፣ ለሥራ ሲሆን በሽተኛ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ባሌ ግን አልደበቀም፤ የደበቃችሁለት እናንተ ናችሁ።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። ውሳኔያችሁን ከልቡ ያመነ ሰው ቢኖር ባሌ ነው። የተማረ ሰው ፈርሞበት እንዴት ይሳሳታል እያለ ሕመሙን እንደ ስንፍና ቆጠረው፤ ሳሉ ሲመጣበት ልጆቹ እንዳይሰሙ ትራስ አፉ ላይ ይይዝ ነበር። ታላቅ ወንድሙ “ጤነኛ ነህ ከተባልክ ምን ቤት አስቀመጠህ?” ባለው ማግስት፣ ሳይነግረኝ ወጥቶ ወደቡ ላይ ሲሚንቶ ከሚያወርዱት ጋር ተሰለፈ። የት ሄድክ ብዬ ስደውልለት “ትንሽ ሥራ አግኝቻለሁ፣ እራት ላይ እደርሳለሁ፣ አትቆጪኝ” አለኝ። ከመርከብ ከወረደ ወዲህ ድምፁ እንደዚያ ደስ ብሎት ሰምቼው አላውቅም። ኬሻውን እንደተሸከመ ወደቀ። አብረውት የሚያወርዱት ሰዎች በጋሪ እየገፉ ክሊኒክ ቢያደርሱትም አልተረፈም። ወንድሙ ከዚያ ወዲህ ቀና ብሎ አላየኝም። እኔ ግን አልፈርድበትም፤ እሱም ያመነው ማኅተማችሁን ነው።

እንግዲህ፣ ክቡርነትዎ፣ ይህን የጻፍኩት ካሳውን ለመለመን አይደለም። አባታችን ለምን ቤት ዋለ ብለው ሲጠይቁኝ የኖሩ ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ። መዝገቡ ላይ “ታሞ ነበር” የምትል አንዲት ቃል ቢያስጽፉልኝ፣ አባታቸው ሰነፍ እንዳልነበረ ከእናታቸው አፍ ብቻ ሳይሆን ከእናንተም ወረቀት ያነቡ ነበር።

እጅ እየነሳሁ፣ ጊዜዎን ስለተሻማሁም ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ እርስዎም አንድ ቀን የታመሙ እንደሆነ የሚያምንዎት ሰው እንዳያጡ ከልብ እየተመኘሁ፣

አክባሪዎ፣
የጤነኛው ሟች ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ክፍልዎ የላከልን የሐዘን መግለጫ ከአበባው ጋር ደርሶናል። “ለረጅም ጊዜ ባደረባቸው ጽኑ ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለዩት ባልደረባችን” ይላል። ከሕንጻችሁ ሕመም የሚል ቃል ሲወጣልን የመጀመሪያው ስለሆነ፣ ፎቶ ኮፒ አስነስቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ።