እኔ እያለሁማ ማንም አይከፍልም

ጥቅምት 3

ደሞዝ ወጣ። አሥራ ሁለት ሺህ አራት መቶ። ምሳ ላይ ስድስታችን ነበርን፣ የሊፍት ጥገና ክፍል በሙሉ። ሂሳብ ሲመጣ እንደ ልማዴ ዘልዬ ተነሣሁ። «እኔ እያለሁማ ማንም አይከፍልም!» ሬዲዮ ኪሱን ነካ ነካ አደረገ። (አብሮኝ የሚሠራው ነው፣ አፉ ስለማይዘጋ ነው እንዲህ የምንለው።) «ተው እንጂ፣ ዛሬ እንኳ እኔ...» «በሞቴ!» «እሺ» አለ።

እሺ! በአንድ በሞቴ! ስድስት ዓመት ሙሉ ታግዬ የማሸንፈው መስሎኝ... ለካ ሲሸነፍልኝ ነው የኖረው። 1,140 ከፈልኩ። አስተናጋጁ «ጌታዬ» አለኝ። ይሄ ሁሉ ለዚህች ቃል ነው እንግዲህ።

ጥቅምት 5

ታላቅ እህቴ ጋ ሄድኩ፣ እቴቴ ጋ። ከዕዳዬ ላይ ሦስት ሺህ ከፈልኩ። ከሃያ አንድ ሺህ ወደ አሥራ ስምንት ወረደ። «ግድ የለም፣ ምን አስቸኮለህ» አለችኝ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሣ። ስመለስ ታክሲ ውስጥ ደረቴን ነፍቼ የሦስት ሰው ከፈልኩ። ሁለቱን አላውቃቸውም።

ጥቅምት 19

ኪሴ ውስጥ ሰባ ብር። ደሞዝ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። ጫማዬ አፉን ከፍቷል፣ የሱቁ ሰውዬ ደግሞ ሳልፍ ጉሮሮውን ይጠርጋል። እቴቴ ጋ ደወልኩ። ስለ ጤናዋ ጠየቅኩ። ስለ ጎረቤቷ ጠየቅኩ። ስለ ጎረቤቷ ወገብ ስጠይቅ «ስንት ነው የፈለግከው?» አለች።

ሦስት ሺህ አምስት መቶ። ዕዳው አሁን 21,500። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ሺህ ከፍዬ አምስት መቶ አስጨመርኩበት። እንዲህ ያለ ከፋይ ከየት ይገኛል?

ጥቅምት 27

የጥቁር ሱሪዬን ዚፕ እንድትቀይርልኝ ወሰድኩላት። «እስቲ ይቺን ክር አስገባልኝ፣ መብራቱ ደካማ ነው» አለች። ቀትር ላይ ነው። የተቀመጠችውም መስኮት ሥር ነው። ለሌላ ልብስ መስሎኝ አስገባሁላት። ሰፍታ ስትሰጠኝ አየሁት... ክሩ አረንጓዴ ነው።

«እቴቴ፣ ዓይንሽን ምን ሆነሽ ነው?»

«ሞራ ነው አሉ። ሁለቱንም።»

«መቼ ነው ያሉት?»

«ካቻምና።»

«ታዲያ እስካሁን ለምን አልታከምሽም?»

መልሱን የማውቀው እኔ ነኛ! ካቻምና ያጠራቀመችውን ብር «አስቸኳይ ነው» ብዬ ወስጄ ሶፋ ገዛሁበት። እንግዳ ሲመጣ እንዳላፍር። ባለ ሰባት ሰው ሶፋ፣ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ ለአንድ ሰው። በሩ እየገጨው ግማሽ ብቻ ነው የሚከፈተው፣ በጎኔ ነው የምገባው። እንግዳ? ሁለቴ መጥቷል። ሁለቱም ጊዜ ሬዲዮ ነው።

«የምሰፋላቸው ሴትዮ ኮሌታው ጠማማ ነው እያሉ ሸሚዝ ይመልሱብኛል» አለች፣ የሌላ ሰው ወሬ እንደሚያወራ ሰው። ካልታከመች ከሥራ ልትወጣ ነው። ከስፌት ሌላ እጇ ምንም አያውቅም።

አፈርኩ። አረንጓዴውን ክር አላስፈታሁትም። ይታይብኝ።

ኅዳር 2

ሒሳብ ክፍል ገብቼ የሃያ አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር የደሞዝ ቅድሚያ ጠየቅኩ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ሳቀች። ከልቧ። «ባለፈው ዓመት ስምንት ጊዜ ወስደሃል። የትኛውን ደሞዝ ነው የምሰጥህ፣ የጡረታህን?»

ነገሩን ነገርኳት። ሳቋን አቆመች።

«በወር ስንት ነው የምትከፍላት?»

«ሦስት ሺህ... አንዳንዴም አራት።» (አራት ከፍዬ አላውቅም።)

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መልሼ እበደራታለሁ።»

«እንግዲያው ቀንስ።»

«ምኑን?»

«የምትከፍላትን።»

ደሜ ፈላ። ለእህቴ ዓይን ብዬ ብመጣ ቀንስ ትለኛለች! እሷ ግን እንደ ተረጋጋች፦ «ከሊፍቱ ጉድጓድ ሥር ያለው ያ ትልቁ ሞላ ምን ይሠራል?» «ሊፍቱ አልቆም ካለ ከመሬት እንዳይላተም ነው።» «በየቀኑ ይነካዋል?» «ኧረ በዓመትም አይነካው!» «ታዲያ ለምን አውልቃችሁ አትሸጡትም?»

ዕድሜዬን ሙሉ ሞላ ስገጥም ኖሬ በሞላ ተረታሁ።

አብረን ጻፍን። ቤት ኪራይ 4,200፣ ምግብ 3,400፣ ትራንስፖርት 900፣ ስልክና ሳሙና 500፣ እቴቴ 2,600። የቀረው 800 ሞላ፣ ካርድ በሌለው የባንክ ደብተር የሚቀመጥ። «ከማን ልንደብቀው ነው?» አልኳት። «ካንተ» አለች። «ለግብዣስ?» ወረቀቱን አጣጥፋ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

ኅዳር 4

ምሳ። ሂሳብ መጣ። አልተነሣሁም። እጆቼን ጭኔ ሥር ቀብሬ ተቀመጥኩ። ሁሉም እኔን ያያል። እኔ የጨው ዕቃውን አያለሁ። የሂሳቧ ወረቀት ጠረጴዛው መሐል ተኝታለች፣ ባለቤት የላት።

«አሞሃል እንዴ?» አለ ሬዲዮ።

«ጨጓራዬን።»

በመጨረሻ ሁሉም የየራሱን አወጣ። ሬዲዮ የኪስ ቦርሳ አለው! ቡናማ፣ የቆዳ። ስድስት ዓመት አብረን ስንበላ ዛሬ ገና አየሁት።

ኅዳር 21

መጻፍ አልፈልግም... ከሞላው ላይ አራት መቶ አወጣሁ። ለቀበቶ። ቅናሽ ነበረ። ባንክ አርባ ደቂቃ ተሰልፌ፣ ተራዬ ሲደርስ ገንዘብ ከፋይዋ «ድንገተኛ ነገር ነው?» ስትለኝ «አዎ» አልኩ። ቀበቶ ድንገተኛ ሆኖ ያውቃል? ሱሪዬ መንገድ ላይ ወልቆ ነበር?

ታኅሣሥ 9

ሶፋውን ሸጥኩት። የገዛኝ አዲስ ሱቅ የሚከፍት ፀጉር አስተካካይ ነው፣ ተራ ለሚጠብቁ ሰዎች አለ። አሥር ሺህ አልኩ፣ ሰባት አለ፣ ስምንት ተኩል ላይ ተጨባበጥን። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ። ከዚያ ተሸካሚዎቹ መጡ። «ለነሱ እኔ ልክፈል» አለ ሰውዬው። አፌ ብቻውን ተከፈተ። «እኔ እያለሁማ!»

ሁለት መቶ ሄደ። ከትራንስፖርቱ።

ክፍሉ ባዶ ሆነ። ሳስል ድምፄ ይመለስልኛል።

ታኅሣሥ 10

እቴቴ ስምንት ሺህ አምስት መቶውን ስትጨብጥ ፊቷ ተለወጠ። «ከየት አመጣኸው? ደግሞ ከማን ተበደርክ?»

«ሶፋውን ሸጬ ነው።»

«የምን ሶፋ?»

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ነገርኳት። ሁሉንም፣ ካቻምና «አስቸኳይ» ያልኳትን ጭምር። ትቆጣለች ብዬ አንገቴን ቀብሬ ስጠብቅ ሳቀች... እንባዋ እስኪወርድ። «ሰባት ሰው? አንተ ቤት? የት ቆመው ነው የሚቀመጡት?» ከዚያ በቀሚሷ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ለዓይንሽ ነው። እንዳትነኪው» አልኳት። ማን ለማን እንደሚመክር ተመልከቱልኝ።

ታኅሣሥ 15

ስድስተኛ ቀን በእግሬ። የተሸካሚዎቹን ሁለት መቶ በእግሬ እየከፈልኩ ነው።

ጥር 11

ጥርሴ። ከትናንት ጀምሮ ነው፣ ዛሬ ግን የሊፍቱ ሞተር ክፍል ውስጥ መፍቻ ይዤ እንባዬ ወረደ። ጉንጬ እንደ ዳቦ አብጧል። ስልኬን አወጣሁ። ጣቴ ማንንም ሳያማክር የእቴቴን ቁጥር አገኘው። ልደውል ስል ሞላው ትዝ አለኝ። ሁለት ሺህ አለው።

ጥርስ ነቃዩ አንድ ሺህ አምስት መቶ አለኝ። ከፈልኩ። አለቀ! ማንንም አልለመንኩም፣ የማንንም ወገብ አልጠየቅኩም። ግማሽ አፌ ደንዝዞ መንገድ ላይ ብቻዬን ስስቅ አንዲት ሴትዮ መንገድ ቀይራ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ እቴቴ ራሷ ደወለች። አፌ አልታዘዝ ስላለ የማወራው አልገባትም። «አንተ! በጠራራ ፀሐይ ጠጥተሃል?» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችብኝ።

የካቲት 17

ሬዲዮ አንድ ሺህ አበድረኝ አለ። ደብተሩ ላይ 1,300 አለኝ። ላብ አጠመቀኝ። ይሉኝታዬ ታገለኝ... «የለኝም» አልኩ። ወዲያው ምን ይለኝ ይሆን ብዬ ስሸማቀቅ፣ «ይሁና» ብሎ ስለ ኳስ ማውራት ጀመረ። በቃ? ይሄው ነው? ይህን ያህል ዓመት የፈራሁት ይህን ነው?

እቴቴን ግን የምትሰፋላቸው ሴትዮ አስጠነቀቋት። አሥራ ሁለት ሸሚዝ መልሰውባታል፣ እስከ መጋቢት መጨረሻ ካልተስተካከለ ሌላ ሰው ሊቀጥሩ ነው። ለቀኝ ዓይኗ ቀጠሮ ይዘናል፣ መጋቢት 12። የቀረብኝ 2,600 ነው። ደሞዝ ከሚወጣበት ከመጋቢት 3 በፊት አንድ ነገር ብሆን... ሊፍት ውስጥ ስገባ እንኳ እንደ ሽማግሌ ደገፍ እያልኩ ነው።

መጋቢት 3

የመጨረሻዋን 2,600 ሰጠኋት። ኖቶቹን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ፣ በጣቷ እየዳሰሰች ቆጠረች። «ሞልቷል» አለች። እኔ ደግሞ ጭብጨባ ስጠብቅ!

«ለራስህስ ተረፈህ?»

«ሁለት ሺህ አንድ መቶ አለኝ።»

«ውሸታም።»

ደብተሩን አሳየኋት። ዓይኗ ማንበብ እንደማይችል ትዝ ያለኝ ከዘረጋሁላት በኋላ ነው። እሷ ግን ይዛው ቆየች።

መጋቢት 12

ቀዶ ጥገና። የተነገረንን ዋጋ እቴቴ ከፈለች፣ ከመቀነቷ እየፈታች። ከዚያ ገንዘብ ተቀባይዋ «ጠብታውና መሸፈኛው ለብቻ ነው፣ 1,150» አለች። እቴቴ ወደ እኔ ዞረች። መቀነቷ ባዶ ነው። ድሮ ቢሆን በሦስት ስልክ ለአራት ሰው ደውዬ፣ ቀጠሮው አልፎ...

ትናንት ለማንኛውም ብዬ ከባንክ አውጥቼው ነበር። ቆጥሬ ሰጠሁ። ደረሰኝ ሰጡኝ። አንድ ሰዓት ያህል ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ደረሰኙን ሳነብ ነበር፣ ሌላ የማነበው ስላልነበረኝ።

መጋቢት 13

ጠዋት ነርሷ መሸፈኛውን አነሣችላት። እቴቴ ዓይኗን ጨፈን ከፈት አደረገች። መጀመሪያ ነርሷን አየች። ቀጥላ ግድግዳው ላይ ያለውን «እባክዎ ተራዎን ይጠብቁ» ጮክ ብላ አነበበች፣ ሁለቴ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ... መቼ ነው እንዲህ የሸበትከው?»

«ቆየ እኮ።»

«ጢምህ ሳይቀር! ማንም አልነገረኝም።»

ምን ልበላት? ሁለት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ስበደራት የምታየው ጥላዬን ነበር። ፊቴ ላይ ያለው ሁሉ ቢታያትስ ኖሮ «ግድ የለም» ትለኝ ነበር? ...ትለኝ ነበር። የከፋኝም እሱ ነው።

አገጬን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችኝ። ብርሃኑ ላይ አገላበጠችኝ፣ እንደ ሸሚዝ ኮሌታ።

«ደግሞ ከስተሃል» አለች። «ቁርስ በልተሃል?»

በዚህች ጥያቄ ነው ያለቀስኩት። ስቅ ብዬ፣ በአደባባይ። ነርሷ በሽተኛው እኔ መስያት ወንበር አመጣችልኝ።