«ይህ ቢጻፍ ማን ያለቅሳል?» ይሉ የነበሩት የእግር ኳስ ጋዜጠኛ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው የእግር ኳስ ጋዜጠኛ ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከአዋላጇ እናታቸው በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። ትምህርታቸውን በማዕረግ ፈጸሙ። ታናሽ ወንድማቸው ግን አባቱን በስፌት እንዲያግዝ ከአምስተኛ ክፍል እንዲወጣ ተደረገ፤ ይህ የሚነሳው ለወቀሳ ሳይሆን ታሪክ ስለሆነ ነው።

በ1968 ዓ.ም. ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ገብተው ሠላሳ ስምንት ዓመት ጻፉ። በ1976 ዓ.ም. የጋዜጣውን አራሚ አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ባለቤታቸው የፊደል ግድፈት ባረሙባቸው ቁጥር ያኮርፉ እንደነበር ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል።

አሠልጣኙም፣ ወጌሻውም፣ ትኬት ቆራጩም «ይህን ጻፍልን» እያለ ወሬ ያመጣላቸው ነበር። ወደ ሜዳ ሊወጡ ጫማቸውን እያሰሩ ያዳምጡና ቋጥረው ሲጨርሱ «ይህ ቢጻፍ ማን ያለቅሳል?» ይላሉ። ሰው ሁሉ ልብ የሚነካ ነገር የሚፈልጉ እየመሰለው እንባ ጨምሮበት ይመጣ ነበር።

ታናሽ ወንድማቸው የሜዳውን መስመር በኖራ የሚያሰምር ሠራተኛ ነበር። ብዙ ወሬ ወስዶላቸው አንዱም አልታተመለትም። ከሁሉ ያንገበገበው የ1989ኙ የዋንጫ ጨዋታ ነው። ሜትሩ ጠፍቶበት የፍጹም ቅጣት ምቱን ነጥብ በእርምጃ ለካና አንድ እርምጃ ወደ ግቡ አስጠጋት፤ ዋንጫውም ከዚያች ነጥብ በተመታ ኳስ ተወሰነ። ማንም አላወቀም። በማግስቱ ሮጦ ነገራቸው። የተለመደውን ጠየቁት፤ «ተሸናፊዎቹ» ቢላቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ። የትኬት ቆራጭ ወሬ እየታተመ የእናት ልጅ ወሬ መቅረቱ ለዓመታት አንጀቱን አሳርሮት፣ በልጃቸው ሠርግ እንኳ ኋላ ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው።

አምና ኩላሊታቸውን ታመው አልጋ ሲይዙ ሊጠይቃቸው ሄዶ ነገሩን አነሳባቸው። ሳቁበት።

«አንተ ጅል፣ የምታለቅሰው አንተ ነበርክ እኮ። ብጽፈው በነጋታው ያባርሩህ ነበር» አሉት።

ወንድማቸውም ጫማቸውን ከአልጋው ሥር አውጥቶ ማሰሪያውን ሲፈታና ሲያስር ዋለ።

የካቲት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተዋል። ወንድማቸው ጡረታ ወጥቷል፤ ከእንግዲህ የሚያባርረው የለም። ነጥቧ አንድ እርምጃ መቅረቧ ይኸው በዚህ ወረቀት ታተመ። ማን ያለቅሳል ቢሉ ግን፣ አሁንም እሱ ነው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያስቀምጥልን።