ላም የማትበላው ድርቆሽ

ጁን 16

አስላክን ዛሬም አበገንኩት። ሞተሩ አልነሳ ብሎት ገመዱን ሲጎትት፣ ሲጎትት... ነዳጁን የዘጋሁት እኔ ነኛ! እንግዶቹ ፊት ላቡ ጠብ ጠብ ሲል እኔ ትንኝ እገድላለሁ።

"እስቲ ለምነው" አልኩት።

"ማንን?"

"ሞተሩን።"

መቅዘፊያ አንስቶ አባረረኝ። የአጎቴ ልጅ ባይሆን ድሮ ከሥራ ያስወጣኝ ነበር። ግን ሌላ ቀዛፊ ከየት ያመጣል? ከደቡብ የመጣ እንግዳ በእኛ ወንዝ በጀልባ መንጠቆ የሚጥለው የአገሬው ሰው ሲቀዝፍለት ብቻ ነው። ደንብ ነው። እኔ እቀዝፋለሁ፣ እነሱ ትልቁን ሳልሞን ያልማሉ፣ አስላክ ጎጆ ያከራያቸዋል።

ቤት ስገባ አያቴ ሄይካ በመስኮት ሜዳውን ያያል። "ሣሩ እየደረሰ ነው፣ አየሽ ሪስተን" አለኝ። ያልሰማሁ መሰልኩ።

ላም የለንም። የመጨረሻዋ ስትሸጥ እኔ ጥርስ አላወጣሁም። ግን እዚህ ሸለቆ መረብ የመጣል መብት ያለው ድርቆሽ የሚያጭድ ቤት ብቻ ነው። ሣር ካላጨድክ ዓሣ የለህም! ሕጉን ያወጣው ሰውዬ ምን ጠጥቶ ነበር? ላም አለኝ በሰማይ የተባለው ለእኛ ነው።

አያቴ ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ ማጭድ አልያዘም። ታዲያ ማን ቀረ...

እኔ ግን ኦገስት ሲገባ ትሮምሶ ከተማ ነኝ። ጓደኛዬ ሱኒቫ የምትሠራበት ጋራዥ ሰው ይፈልጋሉ። ከሞተር ጋር ነገር መፈለግ እወድ የለ። ለአያቴ አልነገርኩትም። እነግረዋለሁ። ነገ።

ጁን 17

አልነገርኩትም።

ጁን 19

ቀኑን ሙሉ ለአንድ የጥርስ ሐኪም እንግዳ ስቀዝፍ ዋልኩ። ሰውዬው አፉ አያርፍም። ትንኙ ለምን በዛ? ውሃው ለምን ቀዘቀዘ? እኔ ነኝ ያቀዘቀዝኩት?

የወንዙ መታጠፊያ ጋ ስንደርስ "ያ የእንጨት አጥር ምንድን ነው?" አለ።

"የአያቴ ነው። ሳልሞኑ ሽቅብ ሲወጣ አጥሩን ታክኮ ይሄድና መረቡ ውስጥ ይገባል።"

"ከወንዙ ምርጡ ቦታ እኮ ነው! ታዲያ ለእኛ ምን ቀረ?"

"አየሩ።"

አልሳቀም። ጥርስ ሐኪም ሆኖ ጥርሱን አያሳይም።

ጁን 23

የበጋ አጋማሽ በዓል ስለሆነ እሳት ነደደ። አጎቴ ኢቫር ከባሕሩ ዳር መጣ። የእናቴ ወንድም ነው፤ ወንዙ ባሕር የሚገባበት ጋ መረብ አለው፣ የያዘውን ለፋብሪካ ይሸጣል። ገና ጃኬቱን ሳያወልቅ ተጀመረ።

"ዓሣው ያለቀው በእናንተ አጥር ነው" አለ።

"ኧረ? እኛ ጋ የሚደርሰው እኮ አንተ ያስተረፍከው ነው" አለ አያቴ።

አስላክ ቋሊማውን እያገላበጠ፣ "ሁለታችሁም ናችሁ። መንጠቆ አንድ ይይዛል። መረብ ግን ዘር ማንዘሩን።"

"መንጠቆ የሚጥል ሰው መጀመሪያ መራብ አለበት" አለው ኢቫር። "የአንተዎቹ በልተው ጠግበው ነው የሚመጡት። ዓሣ ይዞ፣ ስሞ፣ ፎቶ ተነስቶ መልቀቅ... ይኼ ዓሣ ማጥመድ ነው መጠናናት?"

እኔ ሳቄ አፈነኝ። ሌላ የሳቀ የለም። ዞር ስል ሦስቱም እሳቱን ያያሉ። ዘመድ ሆኖ መጣላት ያደክማል... መሄጃ እንኳ የለም፣ መልሰህ ያው ማዕድ ላይ ነው የምትገናኘው።

ጁን 27

ሰሌዳ ሠራሁ! ወንዙ ዳር፣ ከአያቴ አግዳሚ ወንበር በላይ ሰቀልኩት። "ስለ ዓሣ ጥያቄ ካለዎት እኚህን አዛውንት ይጠይቁ። ጆሯቸው ስለማይሰማ ይጩኹ።"

የአያቴ ጆሮ? ኪሴ ውስጥ ከረሜላ ስልጥ ጎረቤት ሆኖ ይሰማል።

ጁን 28

ሆዴን ይዤ ተንከባለልኩ። እንግዶቹ ተሰልፈው እየመጡ ጆሮው ሥር "ደህና አደሩ አባትዬ!!!" ይላሉ። አያቴ መጀመሪያ ደነገጠ። ከዚያ ዞሮ ሰሌዳውን አነበበ። ከዚያ ቁጥቋጦው ውስጥ እኔን አየኝ። ይቆጣኛል ስል እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ "እእእ?" አይልም!

ሐኪሙ ከአስላክ ጋር መጣና ረጅም ነገር ጮኸ። ስለ መታጠፊያው፣ ስለ አጥሩ። አያቴ በየመሀሉ ትንፋሹን ወደ ውስጥ እየሳበ "ዮ... ዮ..." ይለዋል። ሁሌም እንደሚለው።

ጥሩ ቀን ነበር።

ጁላይ 1

ጥሩ ቀን አልነበረም።

ጠዋት ወንዙ ዳር ስወርድ አስላክ የአጥሩን እንጨት እየነቀለ ነው። ሐኪሙ ቡትስ ጫማ አድርጎ ያግዘዋል።

"አብደሃል?"

"አያታችን ቦታውን ለቋል።"

"መቼ?"

"ቅዳሜ። 'ለእንግዶቹ ይተዉልናል ወይ?' ተባለ፤ 'ዮ' አለ። እኔም ሰምቻለሁ፣ ሐኪሙም ሰምቷል።"

ሐኪሙ አንገቱን ነቀነቀ። እሱስ ይሁን፣ የደቡብ ሰው ነው፤ ዮ ሲባል እሺ መስሎታል። እዚህ ግን ወደ ውስጥ የተሳበ ዮ "ቀጥል፣ እየሰማሁህ ነው" ነው እንጂ እሺ አይደለም። ሕፃን ያውቀዋል። አስላክ ያውቀዋል! እዚያው አያቴ ጉልበት ላይ ነው ያደገው። ዓይኔን አላየኝም።

የተነቀለውን መልሼ ተከልኩ። እሱ መልሶ ነቀለ። ሐኪሙ "ነገሩን በሰላም..." ሲል ውሃ ረጨሁበት።

በኋላ አያቴን "ሂድና እሺ አላልኩም በል!" አልኩት።

"ልበል? ታዲያ ለምን ደንቆሮ መሰልክ ይሉኛል። ሰሌዳውን ማን ሰቀለ ይሉኛል። ሽማግሌውና ልጅቷ ተባብረው በእንግዳ ቀለዱ ይባላል። ቀጥሎ የቀልደኛ መብት ምን ይሆናል?"

"ታዲያ ዝም ልንል ነው?"

ትንፋሹን ሳበ። "ዮ።"

እኔ እንኳ አልገባኝም የትኛው እንደሆነ።

ጁላይ 3

ሰሌዳውን አነደድኩት። ጭሱ ትንኝ እንኳ አላባረረም።

ጁላይ 5

ለአስላክ እንግዶች እየቀዘፍኩ ነው። የት እሄዳለሁ? የአውቶቡሱንና የመጀመሪያ ወር ቤት ኪራዩን የማገኘው ከዚሁ ነው። ጀርባዬን ለአያቴ አጥር ሰጥቼ... ያውም ከአጥሩ የቀረው ግማሽ ነው። መንጠቆው በአናቴ ላይ ፉጭ ይላል። ከፊቴ መንጠቆ፣ ከኋላዬ መረብ። ዓሣ ብሆን ምን እመርጥ ነበር? ምንም። ዓሣ መች ይመርጣል።

ዛሬ አንድም ቀልድ አልመጣልኝም። ሐኪሙ "አሞሻል?" አለኝ።

ጁላይ 10

የወንዙ ማኅበር ስብሰባ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። የባሕሮቹ አጥማጆች በአንድ በኩል፣ የወንዙ መረብ ጣዮች በሌላ በኩል፣ ጎጆ አከራዮቹ ከነእንግዶቻቸው በር ላይ። ኢቫር ከባሕሮቹ ጋር ተቀምጦ በዓይኑ ሰላም አለኝ፤ በእጁ ፈራ።

አስላክ ተነስቶ፣ "ክቡር አያቴ በፈቃድዎ ቦታውን ለቀዋል" አለ። እርስዎ! አስላክ! አብሮት አንድ ሳህን የላሰውን ሰው!

ሊቀ መንበሯ ማርጌት ወደ አያቴ ዞረች። "ሄይካ፣ መታጠፊያውን ለእንግዶቹ ለቅቀሃል?"

"ዮ" አለ ወደ ውስጥ።

አስላክ ፈገግ።

"ወይስ አጥርህ ባለበት ይቆይ?"

"ዮ።"

ማርጌት መነጽሯን አወለቀች። ነቄ አለች መሰለኝ። "አስላክ ጀልባውን ለአንተ ሊሰጥህ ነው?"

"ዮ።"

"እኔን ልታገባኝ ነው?"

ትንሽ አሰበ። "ዮ..."

አዳራሹ ፈረሰ። የባሕሮቹ ጭምር ጠረጴዛ ደበደቡ። ኢቫር እንባውን ይጠርጋል። አያቴ ብቻ ጭጭ። እኔስ ተንኮል ከማን የተማርኩ መስሎኝ ኖሯል?

ሳቁ ሳያልቅ አስላክ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ "ጥሩ! ሣሩንስ ማን ያጭዳል? ዘንድሮ ካልታጨደ መብቱ እንደሆነ በራሱ ይወድቃል። በዚያ ዳሌ እሱ ያጭዳል?"

አያቴ መሬት መሬት አየ። ያኔ ነው ሽማግሌ የመሰለኝ፣ ያኔ ብቻ።

ከዚያ ሁሉም ዞረው እኔን።

"ሪስተን" አለች ማርጌት፣ "እቤት ያለሽው አንቺ ነሽ። ታጭጃለሽ?"

ምን ልበል? ጋራዥ፣ ትሮምሶ፣ አውቶቡስ... አንዱም አፌ ላይ አልመጣም። ትንፋሼ ብቻ ወደ ውስጥ ገባ።

"ዮ።"

ማርጌት ጠረጴዛውን መታች። "እንግዲያው አጥሩ ይቆያል። ቀጥለን፦ የጀልባ ማሰሪያው ጉዳይ።"

ጁላይ 11

ሱኒቫ ስልክ ላይ ሳቀች። "አንቺ ጅል፣ ዮ እሺ አይደለም ብላችሁ አሸንፋችሁ የለ? የእኔም ዮ እሺ አይደለም በያቸዋ!"

እውነቷን ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወጥቼ ብሄድ ማንም አይይዘኝም። መታጠፊያውን ብቻ አስላክ ይወስደዋል፤ አያቴ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ሐኪሙ ሲያጠምድበት ያያል፣ በቃ።

የተዘጋ በር ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እሰብረው ነበር።

ለአያቴ ስለ ጋራዡ ዛሬ ነገርኩት። "ከሜይ ጀምሮ አውቃለሁ፣ ስልክ ላይ ትጮኺያለሽ" አለ። ቀጥሎ፣ "ሂጂ" አለ። ደግሞ ቆይቶ፣ "ማጭዱን ስዬዋለሁ።"

ከሁለቱ የትኛውን ልስማ?

ጁላይ 19

እጄ ተልጧል። ጎንበስ ቀና፣ ጎንበስ ቀና። አያቴ ከወንበሩ ሆኖ "ከሥሩ! ጢሙን አይደለም የምትላጪው!" ይላል።

የአስላክ ጀልባ አለፈ። ሐኪሙም አለበት። "ላሚቱ ደህና ናት?" አለ አስላክ። ከዚያ ሁለቱም "እምቧ!"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ዐሥር መልስ ነበረኝ። አሁን አፌ ውስጥ ያለው ትንኝ ብቻ ነው። ቆይ... ጥሩ ቀልድ ነው እኮ። የሚያናድደው እሱ ነው፣ ጥሩ መሆኑ።

ጁላይ 24

ዝናብ። ያጨድኩት ረጠበ። ገለበጥኩት። መልሶ ረጠበ። የማንም ከብት የማይቀምሰውን ሣር እንደ ሕፃን ገላ አገላብጣለሁ። ኢቫር አላፊ መስሎ መጣ፣ ላስቲክ አለበሰልኝ፣ ስለ መረብ ሳናወራ ሄደ።

ሱኒቫ መልእክት ላከች። ጋራዡ ሌላ ሰው ቀጥሯል።

ጁላይ 30

ድርቆሹ ጎተራ ገባ። የማኅበሩ ሰው መጥቶ አይቶ ሄደ።

ዛሬ መረቡን ብቻዬን ሳብኩ። ውሃው እስከ ጭኔ ነው፣ እግሬ አይታወቀኝም። አንድ ሳልሞን፣ ትልቅ አይደለችም፣ ግን ስትታገል ከነአጥሩ ልትወስደኝ ነበር። ይዤያት ሳለ በጀልባ አዲስ እንግዳ መጣ፤ መንጠቆው መረባችን ላይ ተጠላልፎበት ተናዷል። "የዚህ መረብ ባለቤት ማን ነው?" ብሎ ጮኸ።

ቀና ብዬ አያቴን ፈለግኩት። ወንበሩ ላይ ነው። ጥያቄውን በደንብ ሰምቷል።

ግን እሱም እንደ ሰውዬው እኔን እያየ መልስ ይጠብቃል።